ያላረፈችው ወፍ

ሰኞ፣ ጥቅ. 10፣ ጠዋት
ዛሬም ስኳር ጣሳው ውስጥ ጨው ጨመርኩ። አክስቴ ሰፊያ ሻዩን ፉት ስትል ፊቷን ባየህ፣ ደብተሬ! አላህ ልብ ይስጥሽ፣ ት/ቤቱን ስምንተኛ ላይ የጣልሽው ለዚህ ነው? አለች። ለዚህማ ነው። ሮጥኩ።

ሰጋል ከኋላዬ። የአክስቴ የልጅ ልጅ፣ ስድስት ዓመቷ። እናቷ ኒሞ ዱባይ ትሠራለች፤ ጡት ካስጣለቻት ወዲህ የተያዩት በስልክ ብቻ። ያሳደግናት እኛ፣ እዚሁ 31 ሜይ ሰፈር። ፀጉሯን ላበጥር ስይዛት ሰፈሩን ትቀውጠዋለች። ዝም የምትለው በተረት ነው። ስለዚህ ልዕልት ፈጠርኩ። አስማተኛ ወፍም ጨመርኩ። ልዕልቲቱ ወፏ ላይ ወጥታ ባሕር ማዶ ወዳለችው እናቷ ትበራለች። ሹሩባው እስኪያልቅ ትብረር!

ከሰዓት
ሹሩባው አለቀ። ሆን ብዬ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» አላልኩም። ቀሚሴን ይዛ ዞረች፣ መጨረሻውስ እያለች። ተረት ካልተመለሰ ወፏ ማረፍ አትችልም አልኳት። አየር ላይ ናት፣ ምስኪን፣ ክንፏ ዝሏል። ሰጋል አንጋጣ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ማክሰኞ
ኒሞ ደወለች። የሰጋል ቪዛ ወጥቷል። ሐሙስ ከጎረቤት ጋር ትሄዳለች። አክስቴ አልሐምዱሊላህ፣ እልልታ። እኔም እልል ያልኩ ይመስለኛል። ግቢውን ሁለቴ ጠረግሁ፤ ቆሻሻ አልነበረውም። የሰፈሩ ፍየል ጭራ ላይ ፌስታል አሰርኩ። አላሳቀኝም።

ረቡዕ
ጉድ ፈላ። ሰጋል አልጋ ሥር ገብታ አልሄድም አለች። የልዕልቲቱ ወፍ አላረፈችማ! ተረቱ ሳይመለስ ከተሳፈረች የሷም አውሮፕላን አያርፍም። አክስቴ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። መልሺላት፣ አንቺ ቀጣፊ፣ አንድ ቃል ነው!

አንድ ቃል። አልወጣ አለኝ። ካልመለስኩ አትሄድም፣ አይደል? እዚሁ ትቀራለች፣ ሹሩባዋም ለኔ። ልቤ ደስ አለው፣ እርጉም። እግሬ አንድ ቦታ አይቆምም። በር፣ መስኮት፣ በር። እናቷስ?

አጎንብሼ አልጋው ሥር ተረቴን መልሱ አልኩ። ቶሎ ቶሎ። አላመነችኝም። እንደ ታላቅ እህት አባዮ ነው የምትለኝ። «አባዮ፣ ትዋሻለሽ። አፍሽ መች ታበሰ?»

ሐሙስ፣ ጠዋት
ታክሲው ደጅ ላይ ጡሩምባ ይነፋል፣ እሷ አልጋ ሥር። ዳቦ የለም። የቁርሱን ላሖሕ፣ ስስ ቂጣውን፣ ማር እንደተቀባ ይዤ አጠገቧ ተጋደምኩ። ወፏ አረፈች አልኳት፣ የእናቷ ጣሪያ ላይ። ልዕልቲቱም ወርዳ መጀመሪያ ምን አደረገች? የእናቷ ስኳር ጣሳ ውስጥ ጨው! ሳቋ አልጋውን ነቀነቀው። ተረቴን መልሱ አልኩ። ላሖሑን ቆርሳ አፌን አበሰች። አፍንጫዬ ሁሉ ማር።

አየር ማረፊያው በር ላይ በጆሮዋ ጠየቅኋት፤ ጣሳውን አትረሺም? ዱባይ ጨው አለ ወይ አለችኝ።

ዓርብ
በሰላም ገብታለች ይላሉ። እኔ አላመንኩም። ማበጠሪያዋ መስኮቱ ላይ። ቤቱ ይበላኛል። በር፣ መስኮት፣ ስልክ።

ኒሞ ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ ጩኸት ብቻ። አንቺ ሸይጧን፣ ልጄን ምን አስተማርሻት፣ ሻዩ እኮ! ከኋላዋ ትንሽ ሳቅ ይሰማል።

አረፈች።