ዝምተኛው ከበሮ

ጥቅምት 8፣ እሑድ

የዘፋኟን አልበም ሚክስ፣ የድምፆቹን ቅንብር፣ በየቤቶቹ ከፋፍዬ ትናንት ማታ ጨረስኩ። ሌሎቹ «ግሩፕ» ይሏቸዋል፤ እኔ ቤት እላቸዋለሁ። ከበሮው በሙሉ፣ ሲምባሉም ጭብጨባውም ሳይቀር፣ ወደ አንድ ቤት ገባ። ባሱ ብቻውን። ሲንተሳይዘሮቹ በአንድ ጣሪያ ሥር። የዘፋኟ ድምፅ ከአጃቢዎቿ ጋር በሌላ። እያንዳንዱ ቤት ድምፁን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ፣ አባወራ የሆነ አንድ ፌደር አለው፤ ወደ ዋናው መውጫ የሚሄዱትም አባወራዎቹ ብቻ ናቸው። የትኛውም ድምፅ አለቃውን ዘሎ ዋናው መውጫ ላይ አይቆምም። መምህሬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በሬዲዮ ጣቢያው እንዲህ ነበር ያስተማሩን… አቁመው፣ እጃችንን ወደ ኋላ አስጣምረው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በገመድ ነበር፤ ዛሬ በኮምፒውተር ነው። ሥርዓቱ ግን ያው ነው።

ቤት የሌለው አንድ ቻናል ብቻ ነው። ዝምተኛው ከበሮ። በእግር የሚመታው የዋናው ከበሮ፣ የኪኩ፣ ቅጂ ነው፤ ወደ የትም አይወጣም፣ የሰው ጆሮም አይሰማውም። የሚሰሙት በባሱና በሲንተሳይዘሮቹ ቤት ላይ ያሉት፣ ድምፅ የሚገቱት ኮምፕሬሰሮች ናቸው። እሱ በመታ ቁጥር ባሱና ሲንተሳይዘሮቹ ጎንበስ ይሉና ቀና ይላሉ። ዘፈኑ የሚተነፍሰው በዚህ ነው። የሚሰማው ከበሮ በመሐል ሲያርፍ እንኳ እሱ አያርፍም። ስለ እሱ አንድም ቀን የጠየቀኝ ባልደረባ የለም። ላልጠየቀ ደግሞ አላስተምርም።

እህቴ እንደ እሑድ ልማዷ በቀትር ደወለች።

«ወንድም ጋሼ፣ በላህ?»

«በላሁ።»

«ምን በላህ?»

«ምግብ።»

ሳቀች። ከዚያ ስለ ዓይኔ ጠየቀች። ቀዶ ጥገናው ማክሰኞ ነው። እስክድን ድረስ ፋይሉን ለባለስቱዲዮዋ የሚያስረክብልኝ የእህቴ ባል ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ሁሉም «ሽቶ» ይለዋል፤ እሱ ሳይደርስ ሽታው ኮሪደሩን ይሞላዋልና። ሥራ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እህቴ ለምናኝ።

ጥቅምት 12

ግራ ዓይኔ ታሽጓል። ሽቶ ብርቱካን ይዞ መጣ። «ሁሉም ነገር በእጄ ነው፣ ወንድም ጋሼ። እርስዎ ብቻ ይረፉ።»

አረፍኩ።

ጥቅምት 25

ወደ ሥራ ተመለስኩ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ደረጃው ላይ አገኘኝና አልበሙን እጄ ላይ አኖረው። «ጋሼ፣ ወጣልን! አማችዎማ አሁን አይቻሉም!» ምን ማለቱ ነው? ሽፋኑን ገለበጥኩት። ከግርጌ፣ ሚክሱን የሠራው ተብሎ፣ የሽቶ ሙሉ ስም ከነአባቱ። የእኔን ፈለግኩ። የአታሚው አለ፣ የፎቶ አንሺው አለ፣ የዘፋኟን ጸጉር የሠራችው ሴትዮ እንኳ አለች። በአዲሱ ዓይኔ ነው ያነበብኩት። ዓይኔ በደንብ ይሠራል።

ሚክስ ክፍሉ ገባሁ። ሽቶ የእኔ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ኧረ ወንድም ጋሼ! እንኳን ለዚህ አበቃዎ! አታሚዎቹ አጣድፈውን ነው…»

«አታሚዎቹ የአንተን ስም ከየት አገኙት?»

«እርስዎ ተኝተው ነበር፤ አንድ የሚጠየቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። ደግሞስ ስም ምን ያደርጋል? ቤተሰብ አይደለንም እንዴ? የእርስዎ፣ የእኔ ማለትን ምን አመጣው?»

ቤተሰብ!

ባለስቱዲዮዋ ዘንድ ሄድኩ። ከወንበሯ ተነሥታ ተቀበለችኝ፤ ጨዋ ናት። «ጋሼ፣ ያስረከበኝ እሱ ነው። ግሩፖቹን አንድ በአንድ እያሳየ አስረዳኝ። መጀመሪያ አካባቢ እርስዎ እንደረዱት ነግሮኛል፣ አልደበቀም። የሚክስ ክፍሉንም ኃላፊነት ሰጥቼዋለሁ።»

እንደረዳሁት…

ልከራከር አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። የገዛ ሥራዬን በልመና አልቀበልም።

ጥቅምት 26

ብድሬን እመልሳለሁ። በጨለማ አይደለም፣ በሐሜትም አይደለም። በሰው ፊት፣ በራሱ አፍ።

ጥቅምት 29፣ እሑድ

«ወንድም ጋሼ፣ ኃላፊ አደረጉት እኮ! አንተ ባታስገባው ኖሮ…» የእህቴ ድምፅ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ደስታ ነው? ፍርሃት? ቶሎ ቶሎ ታወራለች። ከዚያ እንደ ወትሮው፦ «በላህ?»

«እበላለሁ።»

አልዋሸሁም። ማታ በላሁ።

ኅዳር 4

ዛሬ ሆነ!

ዘፋኟ በትልቁ አዳራሽ ልታቀርብ ነው። ሙዚቃው ከኮምፒውተር በየቤቱ ተከፍሎ ይወጣል፤ ሽቶ ፌደሮቹን ይዞ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ለዚያ ፋይሉን ሲያዘጋጅ በበሩ ሳልፍ ጠራኝ። ሊታይ ፈልጎ ነው።

«ይዩልኝ፣ ወንድም ጋሼ። ፋይሉን አጸዳሁት። ምን ያህል ግሳንግስ ነበረበት መሰለዎት! ይቺን ደግሞ ይመልከቷት፤ መውጫ የላት፣ ድምፅ የላት። የሞተች ቻናል።»

ዝምተኛው ከበሮ ነበር።

ጣቱ አንዴ ተጫነ። ጠፋ። ፋይሉን በአሮጌው ላይ ደርቦ አስቀመጠው፤ አሮጌው የለም።

«እህሳ? ምን ይላሉ?»

«ኃላፊው አንተ ነህ።»

«እሱስ ነው!» ብሎ ሳቀ።

ደረጃውን እያንጎራጎርኩ ወረድኩ። ከደስታ ብዛት ነው… ለምን እደብቃለሁ? በስቱዲዮው ትንንሽ ስፒከሮች ጉዳቱ ብዙም አይታወቅም። በአዳራሹ፣ ሰው በሚያህሉት ስፒከሮች ግን፣ ባሱና ከበሮው ገላጋይ በሌለበት ይተናነቃሉ፤ የዘፋኟም ድምፅ በመሐላቸው ይደቆሳል። ያልተነካው ፋይል እኔ ዘንድ አለ። ልብስ ሣጥኔ ውስጥ፣ ከካልሲዎቹ ጎን።

ኅዳር 5

ዝም ማለት መዋሸት ነውን? ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ሳሰላስል ዋልኩ።

ቢጠይቀኝ እመልስለታለሁ። «ያ ቻናል ምን ይሠራ ነበር?» አንዲት ጥያቄ ናት። ግን ለመጠየቅ አለማወቁን ማመን አለበት፤ ይህን ካመነ ደግሞ ሚክሱ የማን እንደሆነ ተናገረ ማለት ነው። ስለዚህ በሩ አልተዘጋበትም። ወጥመድ አላጠመድኩበትም፤ እጁንም አልመራሁትም። የሠራው ሰው የሠራውን ያውቃል። ያልሠራው ይጠየቃል። ከዚህ ወዲያ ምን ፍትሕ አለ?

እንቅልፍ ግን እንደ ዱሮው አልመጣም።

ኅዳር 11

በትንሹ ክፍል ልምምድ። ዘፋኟ ሁለት ስንኝ እንደሄደች የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀች።

«ዘፈኔን ምን አደረጋችሁት? ደረቱ ተደፍኗል እኮ።»

«ጉንፋን ነው» አለ ኪቦርድ ተጫዋቹ። «በሎሚ እናጥነው።»

«እኔ አልቀልድም። አልበሙ ላይ እንዲህ አይደለም።»

ሽቶ ባሱን ጨመረ። ከዚያ ከበሮው አነሰበት፤ ከበሮውን ጨመረ። ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ፤ እሱንም ጨመረ። ፌደሮቹ ሁሉ ጣሪያ ነኩ። መምህሬ ቢያዩት ኖሮ ጆሮውን ይዘው ከክፍሉ ያስወጡት ነበር።

ዘፋኟ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«ኃላፊው ከጠየቀኝ እናገራለሁ።»

ሁሉም ወደ ሽቶ ተመለከቱ። ጊዜ ሰጠሁት። እውነት ለመናገር ብዙ ጊዜ ሰጠሁት… ሽቶ ስክሪኑ ላይ አቀረቀረ። «የክፍሉ ጠባይ ነው። አዳራሽ ስንገባ ይስተካከላል።» ለመጀመሪያ ጊዜ ከሽቶው ይልቅ ላቡ ሸተተኝ።

ኅዳር 16

እህቴ መጣች። ሳትደውል። ዣንጥላዋን በር ላይ ሰቀለችና ቆመች፤ ተቀመጪ ብላት እንቢ አለች።

«ሰውየው ምግብ እንቢ አለው። ያንን ፋይል ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል። የሆነ ነገር ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ንገረዋ!»

«ባልሽ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ?»

የጓንቷን ጣቶች አንድ በአንድ ጎተተች።

«አውቃለሁ። ሽፋኑን የወጣ ዕለት አየሁት።»

ይህን አልጠበቅኩም። «እና በስልክ እንኳን ደስ አለን ስትይኝ…»

«አንተ እንድታነሣው ብዬ ነበር። ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ፣ አልቅሼ ባስታረቅኳችሁ። አንተ ‹እበላለሁ› ብለህ ዘጋህ።»

«አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሁለታችሁንም ላለማጣት።» ከዚያ፣ ቀስ ብላ፦ «ወንድም ጋሼ፣ ስለ እኔ ብለህ።»

«ስለ አንቺ ብዬ ሥራ አስገባሁት። ስለ አንቺ የማደርገው እዚያ ላይ አልቋል።»

«እሱ ሲዋረድ እኔም አብሬ ነው የምዋረደው።»

«ይጠይቀኝ። አንዲት ጥያቄ ናት።»

«አይጠይቅህም። ይፈራሃል። ሁላችንም እንፈራሃለን እኮ፣ አታውቅም?»

ወጣች። ዣንጥላዋን ረሳችው። በመስኮት ሳያት ያለወቅቱ በጣለው ዝናብ ውስጥ ትሄዳለች… ልጠራት ነበር።

ኅዳር 18

ባለስቱዲዮዋ ደወለች። «ጋሼ፣ እባክዎን፣ አዳራሹ ድረስ! ነገ ሕዝብ ይገባል፤ እዚህ የሚሰማው ሙዚቃ አይደለም።»

ኮቴን ለበስኩ፣ ክራቫቴን አሰርኩ። ያልተነካው ሚክስ ያለበትን ዲስክ በደረት ኪሴ ያዝኩ።

ከውጭው በር ጀምሮ ይሰማል። ጭቃ ነው። ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ከበሮውና ባሱ አንዱ ሌላውን ያፍናል፤ የዘፋኟ ድምፅ ብቅ ባለ ቁጥር ይዋጣል። ከዚያ አቆሙት። ዘፋኟ ጫማዋን አውልቃ መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ሁለት ሰዎች መሰላል ላይ ሆነው መብራት ይሰቅላሉ። ሽቶ ከሚክሰሩ ኋላ። እህቴ ከፊተኛው ረድፍ፣ የባሏን ኮት ጭኗ ላይ አድርጋ።

«ችግሩ ምኑ ላይ ነው?» አለች ባለስቱዲዮዋ።

«ኃላፊው ይንገሩን።» አንቱ አልኩት። በሰው ፊት ለሹመቱ የሚገባውን ክብር አልነፈግኩትም። «በባሱና በከበሮው መካከል አንድ ቻናል ነበር። ምን ይሠራ ነበር?»

«የቱ… ያ የሞተው?»

«ምን ይሠራ ነበር?»

«ድምፅ እኮ የለውም፣ ወንድም ጋሼ።»

«ሚክሱን የሠራው ሰው ያውቀዋል። ምን ይሠራ ነበር?»

መሰላል ላይ ያሉት ሥራቸውን አቆሙ። የሽቶ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። መጣች… ሳኝካት የከረምኳት ቃል አፉ ላይ ደረሰች። «አላውቅም፣ ሥራው የእርስዎ ነው።» ይናገራት! ሰው ሁሉ ይስማት!

እህቴ ተነሣች። ኮቱ ከጭኗ ወደቀ።

«አያውቅም። አልሠራውም። ሁሉንም የሠራው ወንድሜ ነው። ባሌ ወሰደበት፤ እኔም እያወቅኩ ዝም አልኩ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «በቃህ? ወይስ ወደ ማይኩ ቀርቤ ልድገመው?»

ዘፋኟ ባዶ እግሯን ወደ ላይ ሰበሰበች።

በእሷ አፍ አልነበረም የፈለግኩት…

ዲስኩን አውጥቼ ሰካሁ። ዝምተኛውን ከበሮ በቦታው መለስኩ፤ መንገዱን ወደ ሁለቱ ኮምፕሬሰሮች ከፈትኩለት። ፌደሮቹን አወረድኳቸው። «ይጀመር።»

ባሱ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ። አዳራሹ ሙሉ ተነፈሰ። ዘፋኟ ጫማዋን ሳታደርግ ዘለለችና መዝፈን ጀመረች። ባለስቱዲዮዋ ክንዴን ያዘች፤ ምን እንዳለችኝ አልሰማኋትም። ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞርኩ። ኮቱ መሬት ላይ ነው። ወንበሩ ባዶ ነው።

ኅዳር 19

ዝግጅቱ ሰመረ። በመድረክ ላይ ስሜን ከነአባቴ ጠሩት። ቆምኩ። ብዙ አጨበጨቡ።

ኅዳር 20፣ እሑድ

ስልኩ አልጮኸም። እህቴ ደክሟት ይሆናል።

ኅዳር 27፣ እሑድ

የሚክስ ክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ። ወንበሩ አሁንም ሽቶ ይሸታል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ሁለቴ በሳሙና አሸችው፣ አልለቀቀም። «ሌላ ወንበር ላምጣልዎት?» አለችኝ። ይኸው ይሁን አልኳት፤ ወንበሩ የእኔ ነው። የአልበሙ አዲስ ሽፋን ታትሞ መጥቷል፤ ስሜ በቦታው ነው። ሽቶ ማንም ሳያባርረው ለቀቀ። አንድ ማስታወቂያ ቤት ገባ አሉ።

ፍርዱ ትክክል ነበር። ወደፊት ወደ ኋላ ብዬ መረመርኩት፤ አንድም ቃል አልዋሸሁም፣ ያልሠራሁትን የእኔ አላልኩም። ነገም ቢሆን ያንኑ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። በዚህ አልደራደርም።

የእህቴ ዣንጥላ በር ላይ እንደተሰቀለ ነው። ልውሰድላት? ሰው ልላክላት? ምን ብዬ…

ዛሬ ምሳዬን ቀደም ብዬ ሠራሁ። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩና አልበላሁም፤ ደውላ ከጠየቀችኝ «እየበላሁ ነው» ልላት፣ እንዳልዋሽ። ምግቡ ቀዘቀዘ። ቀትር አለፈ። ስልኩን አንሥቼ አየሁት፤ ድምፁ አልተዘጋም።