ያልተለካ ወገብ

ውድ ጋሼ፣

…እና የውኃው ጠርሙስ ገና ቀዝቃዛ ነበር። ከብብትህ ስስበው ላዩ ላይ ያለው ጤዛ እጄን አረጠበው። ነርሷ የሙቀት መለኪያዋን ይዛ አጠገብህ ከተኛው ሰው ዘንድ ነበረች፤ ቀጥሎ ተራው ያንተ ነው። ዓይንህን እንደጨፈንክ «መልሺው» አልከኝ። ከንፈርህ ደርቋል፣ ሆድህ ተነፍቷል፣ ድምፅህ ግን የስፌት ሱቃችን ድምፅ ነው፤ ደንበኛ ፊት ክር በጥርሴ ስበጥስ የምትቆጣኝ ድምፅ። «መልሺው አልኩሽ እኮ፣ ክር በጣሽ!»

አልመለስኩትም። ነርሷን ጠራኋት።

ከዚያ ወዲህ አላናገርከኝም። «እህቴን እንዳታስገቡብኝ» ብለሃል አሉ። ስለዚህ ከክፍልህ በር ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ልብስ በምንነድፍበት ቡናማ ወረቀት ላይ እጽፍልሃለሁ። ይቅርታ ልጠይቅህ እንዳይመስልህ። ተናድጃለሁ። አንጀቴን አሳርረኸዋል።

የቀዶ ሐኪሙን ክፍል አስታውስ። መስኮቱ አልዘጋ ብሎ በጨርቅ ተወትፎ ነበር፤ አንተ ጨርቁን ስታይ ነበር፣ ሱፍ ነው ወይስ ጥጥ እያልክ ይሆናል። ሐኪሙ በእስክሪብቶው ጫፍ ሥዕሉን እየነካ አስረዳን። የአንጀትህ መጨረሻ ላይ ያለውን ካንሰር ቆርጦ ያወጣል፣ ከላይና ከታች የቀረውን ይገጥማል። ግጥሚያው እስኪጠና ሰገራ እንዳያልፍበት ደግሞ ቀጭኑን አንጀት በሆድህ በኩል ወደ ውጭ ያወጣዋል። ለጥቂት ወራት ሆድህ ላይ በተለጠፈ ከረጢት ትጠቀማለህ።

«ጊዜያዊ ነው» አለ። «ሲድን እንዘጋዋለን።»

«እኔ ሰው አቅፌ ነው የምለካው» አልከው።

አልገባውም። እኔ ግን ገባኝ። ደረት ስትለካ እጅህን በሰውየው ጀርባ ታዞራለህ፤ ፊትህ ከአንገቱ ስንዝር አይርቅም። እዚያ ላይ ሆኖ ሰው የሚሸተውን ሁሉ ታውቃለህ። ማን ሲጠጣ እንዳደረ፣ ማን በፍርሃት እንዳላበው። አሁን እነሱ አንተን ሊያሸቱህ ነው።

«ሌላ መላ የለውም?»

«መላማ አለ» አለ ሐኪሙ። «ሁሉም የየራሱ ጣጣ አለው እንጂ።» ግጥሚያውን ለሌላ ቀን ማቆየት ይቻላል አለ፤ አንጀቱ በታች በመቀመጫህ በኩል ወጥቶ ይቆይና በሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይገጠማል። ፊትህ ጠቆረ። ከታች ቱቦ አስገብቶ ንፋሱንና ፈሳሹን ማስወጣትም አለ፤ «ያንተ ግጥሚያ ግን በጣም ዝቅ ያለ ነው፣ በቱቦ ብቻ አላምነውም።» ከዚያ ሦስተኛውን ነገረን። ቀጭኑን አንጀት ሳይከፍተው በማሰሪያ ይዞ ከሆድህ ቆዳ ሥር ያስቀምጠዋል። ግጥሚያው ከያዘ ማሰሪያው ተስቦ ይወጣል፣ ከረጢት የሚባል ነገር የለም። ካፈሰሰ ግን አንጀቱን ወዲያው ስቦ ይከፍተዋል።

ያን ጊዜ ፈገግ አልክ። «እንደ ጊዜያዊ ስፌት ማለት ነው! መኪናው ሳይነካው በእጅ ሰፍተን እናስለካለን። ልክ ከመጣ ክሩ ይመዘዛል።»

«እንደዚያ በለው። ግን ግዴታ አለብህ። ካተኮሰህ አተኮሰኝ ትላለህ። ካመመህ አመመኝ። የሚያፈስ ግጥሚያ ጊዜ አይሰጥም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?»

«ምን እደብቃለሁ ዶክተር?»

ሳቄ አመለጠኝ። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ።

«ታናሼ ናት፣ ተዋት» አልከው።

«ይደብቃል» አልኩ እኔ።

«ይኸው ምላሷ! ለዚህ ነው እስከዛሬ ሱቁ ውስጥ ከኋላ የማስቀምጣት።»

ሐኪሙም ሳቀ። ሦስታችንም ሳቅን። አሁን ያ ሳቅ ያናድደኛል፤ ሐኪሙም ያናድደኛል። መላው ደህና መላ ነበር። የተንጠለጠለው ግን አንተ «አመመኝ» በምትላት አንዲት ቃል ላይ ነው፤ እኛ ቤት ደግሞ ያቺ ቃል ተነግራ አታውቅም። ሥዕሉ ላይ ይህ የለም። አባባ ጥርሱን አስነቅሎ መጥቶ ካውያውን ያነሳ ሰው ነው። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ነው ያሳደገን።

መቀሱንስ ረሳኸው? ልጅ ሳለሁ ነው፤ የሙሽራ ልብስ ሊደርስ አልቻለም፣ አንተ ትኩሳት ይዞሃል። አባባ ግንባርህን ሊዳስስ ሲመጣ ትልቁን የብረት መቀስ ግንባርህ ላይ አስተኝተህ ታቀዘቅዘዋለህ። አባባ ይዳስስና «ምንም አልሆነም» ይላል። አንተ ወደ መኪናህ ትመለሳለህ። እኔ ጠረጴዛው ሥር ቁልፍ እየለቀምኩ ሁሉን አያለሁ። ጠርሙሱን ሳይ መቀሱን አየሁ። ነርሷ ከየት ታውቀው?

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጠርሙሱን ያገኘሁብህ ቀን ሐኪሙ እየተጣደፈ መጣ፤ ሆድህን ነካ ሲያደርገው አልጮህክም፣ አንሶላውን ብቻ ጨበጥክ። ይዘውህ ሄዱ። ግጥሚያው አፍስሶ ነበር፤ ሆድህን አጠቡት፤ ከቆዳህ ሥር ተቀምጦ የነበረው አንጀት ወጥቶ ተከፈተ። ሐኪሙ ኋላ ኮሪደሩ ላይ ቆም ብሎ «ትንሽ ብንዘገይ…» አለና ተወው። ግጥሚያው ሊድን ይችላል፣ ከረጢቱም የሚነሳበት ቀን ሊመጣ ይችላል አለኝ። ሊመጣ ይችላል። ከዚህ በላይ ቃል አልሰጠኝም።

አንተ ግን ከረጢቱን እኔ የሰፋሁብህ ይመስል ፊትህን ወደ ግድግዳ አዞርክ። እሺ፣ ይሁን። ሰፋሁብህ። ጠርሙሱን መልሼልህ ቢሆን ዛሬ የምቆጣው ሰው አይኖረኝም ነበር።

ሱቁ ክፍት ነው። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ በየጠዋቱ አንገቱን በበሩ ያስገባል። «ጋሼ መቼ ነው የሚመጣው? ሱሪዬ እንደሆነ ባለ አንድ እግር ነው!» እኔ ልጨርስልህ ስለው «አንቺ በጥርስሽ ትበጥሺዋለሽ» ይለኛል። ያንተን ሥራ ነው የሚጠብቀው። ሆድህ ላይ ምን እንዳለ ነግሬዋለሁ። አዎ፣ እሱንም ነገርኩት። «ታዲያ እጁን አልቆረጡትም» አለኝ፤ ሄደ።

ቡናማ ሱሪህን ፈትቼዋለሁ። ወገቡ ልክ ከረጢቱ ያለበት ላይ ያርፋል፤ ያንቀዋል። ከፍ አድርጌ በላስቲክ ልሠራው፣ ከውስጥ ደግሞ ከረጢቱን የሚደግፍ ለስላሳ ኪስ ላስገባለት ብዬ ጨርቅ ቆርጫለሁ። ግን ልክህ የለኝም። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ወገብ በቃልህ ታውቃለህ፣ ያንተን የሚያውቅ የለም። አንድ ጊዜ ሜትር ይዤ ስጠጋህ «ሂጂ ወዲያ፣ ልብስ ሰፊ አይለካም» ብለህ አባረርከኝ። በዓይኔ ገምቼ እንዳልሰፋ ደግሞ ከስተሃል።

አስገባኝ። አላለቅስም፣ አፍንጫዬን አልይዝም። ሜትሩን አዞራለሁ፣ ቁጥሩን አነባለሁ፣ እወጣለሁ። ካተኮሰህ ግን ነገም እናገርብሃለሁ። ይህን ቃል እገባልሃለሁ።

ያንተዋ ክር በጣሽ

ነርሷ ወረቀቱን ልትወስድልኝ እጇን ስትዘረጋ በሩ ከውስጥ ተከፈተ፤ ቆይኝ ብያት ይህን እጨምራለሁ። አንተ ነበርክ። በአንድ እጅህ የግሉኮሱን መስቀያ ይዘሃል፣ በሌላው ቀኝ ጎንህን ሸፍነሃል። እኔን አላየኸኝም፤ ያየኸው አንገቴ ላይ ያለውን ሜትር ነው። እጅህን ከጎንህ አንስተህ ዘረጋህ። ሜትሩን ሰጠሁህ፤ ይዘኸው ገባህ። በሩ ተዘጋ።