የአባ ልብ በሁለት መሣሪያ

ይድረስ ለምወድሽ እማዬ፣

አጋሮ እንዴት ናት? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ ጅማ አልሃምዱሊላህ፣ ዛሬስ ከደህናም በላይ ነን። ወሬው ረጅም ነውና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የአባን ልብ ነገር ባነሳሁ ቁጥር «ከተፋታን ስምንት ዓመታችን፣ ለእኔ ምን ይነገረኛል» እያልሽ ስልኩን ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ አይዘጋም ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

ባለፈው ወር እዚሁ ጅማ ኤኮ ተነሣ። ዶክተር ፋሂም ደረቱን ቅባት ቀብቶ በስክሪን አሳየን፤ ልቡ ስትመታ አንዱ ግድግዳዋ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የደም ሥሩ ጠቦ ነው አለን። ግድግዳው ተኝቶ ከሆነ ኦፕራሲዮን ያነቃዋል፣ ሞቶ ከሆነ ግን መቅደዱ ትርፍ የለውም፤ ኤኮ ደግሞ አለመንቀሳቀሱን እንጂ መሞቱን አጥርቶ አይነግረኝም ብሎ ለኤምአርአይ አዲስ አበባ ላከን። እኔ እንባዬ መጣ። አባ ግን ደስ አለው። እዚህ ጅማ መርካቶ ላይ ጆንያውን ከላይም ከመሃልም ከታችም ወግቶ ፍሬውን ሳያይ ቡና የማይገዛ ሰው አይደል? «ይሄ ልጅ ከላይ አይቶ አይፈርድም» አለ።

ከምርመራው በፊት ሃያ አራት ሰዓት ቡና እንዳይቀምስ፣ የሚሰጠውን መድኃኒት ያከሽፈዋል ተብለናል። አዲስ አበባ ሆስፒታሉ በጠዋት ደረስን። ነርሷ ጽዮናዊት ምን እንደጠጣ ጠየቀችው።

«ቡና በአፌ አልዞረም። የቡና ቅጠል ብቻ ነው ያፈላሁት።»

ያው ነው አባቴ ብላ እየሳቀች ለነገ ቀጠረችን። ቀኑን ሙሉ ቅጠልና ፍሬ እንዴት አንድ ይሆናል እያለ ሲከራከረኝ ዋለ። ቅጠሉ በነጭ ጨርቅ ተቋጥሮ ነበር፣ አቋጣጠሩን አውቀዋለሁ። ማን ላከልህ ብለው ጆሮው የማይሰማ ሆነ። ሴትዮዋን አጋሮ ካገኘሻት፣ በምርመራ ሰሞን ባትልክ ብላለች ልጁ በያት፣ ማሎ እባክሽ።

በማግስቱ መሣሪያው ውስጥ ገባ። ከጩኸቱ የተነሣ ቡና መፈልፈያ ውስጥ የተኛሁ መሰለኝ ብሎ ወጣ። ዶክተር እሱባለው ሥዕሉን ዘረጋልን። ጠባሳው ስስ ነው፣ ግድግዳው ተኝቷል እንጂ አልሞተም። ጅማ ላይ የልቡ ጉልበት ከመቶ ሠላሳ አምስት የተባለው እዚያ አርባ አንድ ሆነ። አባ የትኛው መሣሪያ እንደዋሸ ጠየቀ።

«ማንም አልዋሸም አባቴ» አለው። «ኤኮ በድምፅ፣ በጎድን አጥንት መሃል አሾልኮ ነው የሚያየው። ይሄኛው ልብዎን እንደ ዳቦ ቆራርጦ አየው።»

ኦፕራሲዮኑ ማክሰኞ ሳምንት እዚያው አዲስ አበባ ነው፣ ኢንሻ አላህ። ፎርሙን ስሞላ የቅርብ ተጠሪ የሚለው ላይ የራሴን ስም ጻፍኩ። አባ መነጽሩን አድርጎ አነበበና ብዕሩን ተቀበለኝ። እኔን ሰርዞ ስምሽን ጻፈ። የስልክሽን ቁጥርም ማንንም ሳይጠይቅ በቃሉ ጻፈው። ዝምድና የሚለው ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«እሱን እሷ መጥታ ትሙላው» አለኝ።

ፎርሙ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አላህ ጤናሽን ያብዛልኝ፣ መንገድሽንም ያቅናልሽ።

ጅማ መናኸሪያ የምትጠብቅሽ ልጅሽ