የአባ ወረቀት

አንተ ወንድሜ፣ ይህን ደብዳቤ ቆመህ እንዳታነበው፤ ተቀመጥ። በሰው ፊት «አባ፣ እርስዎ» እልሃለሁ፤ እዚህ ግን አዝዬ ያሳደግኩህ ታናሼ ነህ።

ጤናህ እንዴት ነው? ሳሉስ ለቀቀህ? የኔን ጉልበት ከጠየቅክ ደህና ነው። የሚያመኝ ሌላ ቦታ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያቺን ባለዲግሪ አስነስተህ፣ የወሩን የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ወረቀት ስለተየበችልህ አስጨበጨብክላት። አንድ ወረቀት ነው የተየበችው! እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህች ፎቶ ኮፒ ቤቴ ወገቤ እስኪቆረጥ ስተይብልህ ማን አጨበጨበልኝ? ቀናሁ። አዎ ቀናሁ፣ ለማን ብዬ እደብቃለሁ።

ለመሆኑ ሰዉ ምን እንዳለ ሰምተሃል? የቁምስናችን ቤተ ክርስቲያን ዘበኛ በር ላይ ያዘኝና «አባ ታመዋል እንዴ?» አለኝ። ምነው ስለው፣ «የድሮው ወረቀት ለኔ የተጻፈ ነበር፤ ይሄኛው ለጳጳሱ ነው» አይለኝ መሰለህ። ሽንኩርት ሻጯማ ቃሪያ ጠቅልላበታለች።

እንግዲህ ልናዘዝልህ፤ ካህን አይደለህ? አንተ «ብሉይ ኪዳን የሐዲስ ኪዳን ቅድመ ምሳሌያዊ መገለጫ ነው» ብለህ ጻፍክ። እኔ ምን ብዬ ተየብኩት? «እርጉዝ ሴት ስታይ ልጁ አይታይህም፤ ግን አለ። ብሉይም ክርስቶስን እንዲህ ይዞት ነበር።» ስለ ቃል ኪዳን የጻፍከውን ሙሉ ገጽ አውጥቼ «ውል ይፈርሳል፤ ልጅ ግን ብትጣላውም ልጅህ ነው» አልኩ። ለድፍረት አይደለም። እኔን ከስድስተኛ ክፍል አስወጥተው አንተን የካህናት ትምህርት ቤት፣ ሴሚናሪ ካስገቡህ ወዲህ፣ ቃልህ ለኔም ይከብደኛል። እስኪገባኝ አምስቴ አነበዋለሁ፤ የገባኝን እተይባለሁ። በቃ።

ጳጳሱ «ብዕርህ ለድሀው ቀለለለት» ብለው ሲያመሰግኑህ ከኋላ ወንበር ነበርኩ። አንገትህን ደፍተህ ምስጋናውን ተቀበልክ። ትሕትና መስሎኝ ደስ አለኝ። በሳምንቱ «እህቴ፣ ዓይንሽን አሳርፊ» ብለህ ሥራውን ለባለዲግሪዋ ሰጠህ።

እግዚአብሔር ዕድሜህን ያርዝመው፣ መንጋህንም ይጠብቅልህ። በመጪው እሑድ ዘበኛው እጁን አውጥቶ «አባ፣ ያቺን የእርጉዝ ሴት ነገር የጻፈው ማነው?» ይልሃል። ያስጠናሁት እኔ ነኝ። ለኔ በደብዳቤ እንዳትመልስልኝ፤ ለሱ፣ እዚያው ሕዝቡ ፊት መልስለት።

ታላቅ እህትህ