የበርሜሉ ጎመን

ኅዳር 3

ምንም የሌለበት ቀን። ድንች ተቀቀለ፣ ተበላ። ሽታዬ ልጣጩን እንደ ልማዷ ከአጥሩ ጥግ ደፋችው። ባለቤቴ የብርጓል ካረፈች ወዲህ ምግብ የምትሠራልኝ እሷ ናት። ጨው አትችልም፣ ዝምታ አትችልም።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ አዲስ ጉድ ታየ። ከዕድሩ የድንኳን ማስቀመጫ ጎን ሁለት አረንጓዴ በርሜሎች ቆመዋል። እስከዳር የምትባል፣ አምና ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀች ልጅ፣ ላላፊ አግዳሚው ታስረዳለች። የምግብ ትርፍራፊና ልጣጭ በየቤቱ ይጠራቀማል፣ እዚህ ይመጣል፣ ከጀርባው ባለው ጉድጓድ ይበሰብሳል፣ አፈር ይሆናል፣ ጎመን ይተከልበታል... ደብረ ማርቆስ ሠለጠነች ማለት ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተማርኩ። መበስበስን ከዚህች ልጅ ልማር?

"ጋሽ አምሳሉ፣ እርስዎማ ይገባዎታል" አለችኝ። አዎ፣ ይገባኛል። የማልመጣውም ለዚህ ነው።

ኅዳር 7

ዛሬ ብቻዬን ሳቅሁ። በርሜሎቹ ሁለት የሆኑት አንዱ ለእርጥቡ፣ አንዱ ለደረቅ ቅጠል ነው። እስከዳር ጉሮሮዋ እስኪነቃ ተናግራለች። ማን ሰማት? ሁለት በርሜል ሲያዩ ጊዜ አንዱ የክርስቲያን፣ አንዱ የእስላም ነው ብለው ለራሳቸው ደመደሙ። እስከ ቀትር ክርስቲያኑ በቀኝ፣ ሙስሊሙ በግራ ሲደፋ ዋለ። ደረቅ ቅጠል የሚባል የለም።

ፊት ለፊት ሱቅ ያላት መርየም ብቻ ፌስታሏን ይዛ ቀኝ ግራም ሳትል በቀረባት ገለበጠችው። ሰው አፈጠጠባት። "ሽንኩርት ደግሞ ሃይማኖት አለው እንዴ?" ብላ ወደ ሱቋ ገባች።

ይህ ሕዝብ ነው እንግዲህ አፈር የሚሠራው።

ኅዳር 12

ሚካኤል። እንደ ወጉ ቆሻሻው በየደጁ ይታጠናል፣ ከተማው በጭስ ተሸፍኗል። እስከዳር ከቤት ቤት እየሮጠች "ልጣጩን አታቃጥሉት፣ ለበርሜሉ ነው" ትላለች። ዓይኗ በጭስ ቀልቷል። እኔ ደጅም መጣች።

ያጠራቀምኩት ልጣጭ አልነበረም። ከሽታዬ ቅርጫት አውጥቼ፣ እያየችኝ፣ እሳቱ ላይ ጨመርኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም... አውቃለሁ። ደስ አለኝ።

ኅዳር 21

እማሆይ ወለተ ሰንበትም ገቡበት! ጓሮዬ ባለችው ክፍል ከተቀመጡ አሥራ አራት ዓመታቸው ነው። ያመጣቻቸው የብርጓል ናት፤ አደራ ብላኝ ስለሞተች እስካሁን እዚሁ ናቸው። ቀለባቸው ከእኔ ቤት ይወጣል። ሽታዬ ሳህኑን ስታቀብላቸው ከክፍላቸው ሆነው "እግዜር ይስጥልኝ" ይላሉ። በየቀኑ፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ።

ዛሬ ጠዋት የቲማቲም ጣሳ ይዘው ሲወጡ አየሁ። ተከተልኳቸው። በርሜሉ ጋ ቆመው አንድ እፍኝ የባቄላ ገለፈት ደፉ። እስከዳር ደብተር አውጥታ ስማቸውን ጻፈች። በቁራሽ የሚኖሩ ሴት ምን ተርፏቸው ነው ትርፍራፊ የሚያወጡት? ሰው ሲያረጅ ጨዋታ ያምረዋል።

ታኅሣሥ 12

እማሆይ ጣሳቸውን ይዘው ወጡ። ዛሬም።

ታኅሣሥ 30

ያልኩት ደረሰ። የገና ማግስት በርሜሎቹ በበግ አጥንት ጢም አሉ። ውሾች ገለበጧቸው፣ አጥንቱ እስከ መርየም ሱቅ ደጃፍ ተጎተተ። ጅብም መጥቷል ይላሉ። እስከዳር የፕላስቲክ ጓንት አጥልቃ ስትለቅም አረፈደች። ከሰዓት "አጥንትና ሥጋ ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ለጠፈች። ማን ያነብልሻል? እያነበቡ የሚደፉም አሉ።

ጥር 24

ጉድጓዱ ተከፈተ። በዚያ በኩል ያለፍኩት በአጋጣሚ ነው። ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ፣ ሽታ የሌለው። ሰው ሲበተን አንድ እፍኝ አንሥቼ ጨመቅሁት። ጥሩ አፈር ነው። ለማንም አልተናገርኩም።

ከጎኑ መደብ ሠርተው የጎመን ችግኝ ተከሉበት።

የካቲት 17

ሁዳዴ ገባ። ሽሮ። ነገም ሽሮ።

መጋቢት 7

እሑድ። የጎመኑ ቀን። ሰው ከዕድሩ ቤት ደጅ ተሰበሰበ። ለመሳቅ ሄድኩ።

አንድ አንድ እስር ጎመን ይታደላል። ለአቅመ ደካሞች የሚሰጥ ምጽዋት መሰለኝ፤ መጀመሪያ የተጠሩት እማሆይ ነበሩና። በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ ያዙት። እኔም በሰው ሁሉ ፊት "በገና የጋጣችሁት በግ ጎመን ሆኖ መጣላችሁ። እማሆይ ዘንድሮ ሁዳዴን በበግ ሊያሳልፉት ነው" አልኩ።

ሰው ፈነዳ። የቀበሌው ሹም ሳይቀር ሳቀ። መርየም አልሳቀችም። እስከዳርም አልሳቀችም፤ ደብተሯን ዘጋች። እማሆይ ጎመኑን በነጠላቸው ሸፍነው ሄዱ።

ጥሩ ቀልድ ነበር።

መጋቢት 9

ጠዋት በበርሜሉ በኩል ሳልፍ ጎመኑን አየሁት። እስሩ እንኳ አልተፈታም። ከድንች ልጣጩ ላይ ተቀምጧል። እማሆይ ናቸው የጣሉት አሉኝ።

የገረመኝ ነገር... ሥጋ በአፋቸው ካልዞረ አርባ ዓመት የሆናቸው መነኩሲት፣ ጎመኑ አጥንት በልቷል ብለው አመኑ ማለት ነው። ይህን ያህል ድንቁርና!

መጋቢት 11

ሽታዬ ሳህኑን መልሳ አመጣችው። "አልበላም ብለዋል" አለች። ትናንትም አልበሉም ኖሯል። የእኛን ቤት ሽሮም ትተዋል። ድስቱ አንድ ነው ብለው ይሆናል። በሶ በውኃ በጥብጠው በቀን አንድ ጊዜ ይጠጣሉ። በሰባ ስድስት ዓመታቸው!

ሄጄ አስረዳኋቸው። አጥንት እንዴት እንደሚፈርስ፣ ሥር ምን እንደሚስብ፣ ቅጠሉ ውስጥ የሥጋ ዘር እንደማይገባ። እንደ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ቀስ ብዬ። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። "እሺ ልጄ" አሉ። ሳህኑን አልነኩትም።

መጋቢት 16

የንስሐ አባታቸውን ቄስ ገዳሙን ለምኜ አመጣሁ። እኔ! ቄስ ልለምን! "ከምድር የበቀለ ነው፣ ጾም አያስገድፍም፣ ይብሉ" አሏቸው። "ይፍቱኝ አባ" አሉና መሬት ሳሙ።

ማታ ሽታዬ ሳህኑን መለሰችው። አልተነካም።

መጋቢት 20

ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ ወደቁ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሳይርቁ። መርየም አይታ ሮጣ ደግፋ አመጣቻቸው። ሱቋን ክፍት ጥላ ነው የመጣችው። ክንዳቸውን ስይዝ አጥንት ብቻ ነው። ከንፈራቸው ደርቋል። ሐኪም ይምጣ ብንል በእጃቸው ከለከሉ።

መርየም በሩ ላይ ስትወጣ ቆማ አየችኝ። "ጋሼ፣ ያን ጊዜ ባይስቁ ምን ነበረበት?" አለች። እኔ ስለ መሳቅ ነው እንዴ የማወራው? የምግብ ጉዳይ ነው። የድንቁርና ጉዳይ ነው...

ቢሞቱብኝስ? የብርጓልን ምን እላታለሁ?

መጋቢት 21

ጠዋት ከአልጋቸው ጎን ተቀመጥኩ። ምን በድያለሁ አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላስረዳ ጠየቅሁ።  የተናገሩትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፋለሁ።

"ጎመን ሥጋ እንደማይሆን አጥቼው መሰለህ? የመርጡለ ማርያም ገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ፍግ ሲበትን ነው ያደግሁት።"

ታዲያ ለምን ጣሉት አልኩ።

"ከቤትህ የበላሁት ሁሉ ምጽዋት ነው። እግዜር ይስጥህ፣ በልቻለሁ። ያ ጎመን ግን ምጽዋት አልነበረም። ከኅዳር ጀምሬ በጣሳዬ ያመላለስሁት ነው። ያቺ ልጅ ስሜን ጠርታ፣ ድርሻዎ ነው ብላ ሰጠችኝ። ከመነኮስሁ ወዲህ ድርሻ የሚባል ይዤ አላውቅም። አንተ ስትስቅበት፣ ሰዉም ሲስቅ፣ እዚያው ለማኝ ሆንሁ።"

ነጠላቸውን ሳብ አደረጉ። "ከሳቀብኝ ሰው ቤት ደግሞ አልጎርስም አልሁ። ኩራት ነው፣ ኃጢአት ነው። ለቄስ ገዳሙ ተናዝዣለሁ። ግን አልዋጥልህ አለኝ።"

 ወጣሁ።

መጋቢት 22

ደንቆሮው ማን ነበር?

መጋቢት 23

እስከዳርን ደብተሯን አሳዪኝ አልኳት። እጇን ልትሰበስብ ነበር፣ ሰጠችኝ። ደንቡ ከፊተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል፤ ሦስት ወር ሳያቋርጥ ያመጣ ሁሉ ድርሻ አለው። ዕድሜ አይጠየቅም፣ አቅም አይጠየቅም። ማንበብ የማይችል ሕዝብ ስል የከረምኩት እኔ አላነበብኩትም።

ወለተ ሰንበት። ቀኖቹን አንድ በአንድ አየሁ። የወደቁ ዕለት ሳይቀር አለ። ጠዋት ጣሳቸውን አድርሰው ነው ኪዳን የሄዱት። በሶ ብቻ እየጠጡ በጣሳው ምን እንዳመጡ ጠየቅሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የጠረጉት ቅጠል ነው አለች።

ከሰፈሩ ሁሉ፣ እስኪወድቁ ድረስ፣ አንድም ቀን ያላጓደሉ እርሳቸው ብቻ ናቸው። የእኔ ስም የለም። የት ይኖራል?

መጋቢት 28

እሑድ። ሁለተኛው እደላ። መርየምና ሽታዬ ደግፈው አመጧቸው። እንዲመጡ የለመንኳቸው እኔ ነኝ።

ስሙን እኔ ልጥራ ብዬ እስከዳርን ጠየቅሁ። ተማሪ ስጠራ የኖርኩ ሰው ደብተሩን በሁለት እጄ ያዝኩ። ያ ጅል ፈገግታ በየፊቱ አለ፤ ቀልድ ይጠብቃሉ። የለመዱትን ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ።

"ባለፈው እዚህ ቆሜ በእማሆይ ላይ አፊዣለሁ። ጎመኑ ምጽዋት መስሎኝ ነበር። አይደለም። መቶ ሃያ ቀን ያመጡበት የራሳቸው ነው። ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። ከዚያ ጠራሁ። ወለተ ሰንበት።

ማንም አልሳቀም። እማሆይ ቀረቡና ጎመኑን ከእጄ ተቀበሉ። "ይቅር ይበልህ" አሉ፣ ብቻ።

ማታ ሽታዬ ባዶ ሳህን ይዛ መጣች። ሽሮውን በልተውታል። በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ሚያዝያ 4

ልጣጭ ማመላለስ ከጀመርኩ ስምንተኛ ቀኔ። በየብርጓል አሮጌ ሰታቴ። ሰው ያየኛል። ይየኝ። ዛሬም አንዱ ጎረምሳ ዶሮ አጥንት ሲደፋ ያዝኩት፤ በእጁ አስለቀምኩት። ይህ ሕዝብ አሁንም ወረቀት አያነብም።

የእኔ ድርሻ መቼ ነው ብዬ እስከዳርን ጠየቅሁ። ቀኑን ቆጠረች። "ሰኔ መጨረሻ ነው ጋሽ አምሳሉ፣ ካላቋረጡ" አለች። ፊቷ ላይ ሳቅ ነበር። ይገባኛል።

በዘጠኝ ሰዓት በሬ ተንኳኳ። እማሆይ ናቸው። አሥራ አራት ዓመት እዚህ ግቢ ሲኖሩ በሬን አንኳኩተው አያውቁም። ክዳን ያለው ሳህን ይዘዋል። ጎመን። ራሳቸው የሠሩት።

"ከድርሻዬ ነው" አሉ።

ዘይት የለውም። ጨው በዝቶበታል። ግንዱ አልበሰለም። ቆመው እያዩኝ ጨረስኩት። ሳህኑን አጥቤ መለስኩና "እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸው። ይህን ቃል ለእርሳቸው ብዬ አላውቅም ነበር።

"አብሮ ይስጠን" አሉና ጣሳቸውን አንሥተው ወደ በርሜሉ ሄዱ።