ነፋሱን በጉንጬ

ኦክላንድ ላለሽው ልጄ ለሮዌና፤ ባሕር ተሻግሮ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ እዚህ እንግሊዝ፣ ቢስሊ ደህና ነኝ፤ ናፍቆትሽ ነው የበረታብኝ።

ቅዳሜ የተኩስ ውድድር ነበረን። ተኝተሽበት ነፋሱን ታነቢልኝ የነበረውን ምንጣፍሽን ዛሬም አጠገቤ አነጥፋለሁ። «አባዬ፣ የነፋሱ ባንዲራ ተነሳ፤ ማነጣጠሪያውን ሁለት እርከን ወደ ግራ» ትዪኝ ነበር። አሁን ነፋሱን በጉንጬ ነው የማነበው። አንዷን ጥይት ግን አጠገቤ ይተኩስ በነበረው በጎረቤቴ በዴዝመንድ ኢላማ ላይ አሳረፍኳት፤ ለእኔ ዜሮ ተጻፈች።

«አንተ ሰውዬ፣ የራስህ አልበቃ ብሎህ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

«ፀሐይዋ ናት» አልኩት። ቀና ብሎ ሰማዩን የሸፈነውን ደመና አየ።

መቼ ነው የምትመጪው? ስትጽፊልኝ ፊደሉን ተለቅ አድርጊው፤ ደብዳቤሽን አብሮኝ የሚያነበው ዴዝመንድ ዓይኑ ደከም ብሏል።

ደህና ሁኚልኝ፣
አባትሽ ዊልፍሬድ