መጥተህ አውልቀው

ውድ ወንድሜ አባይነህ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና መጠየቅ ወግ ነው፤ እኔ ግን አንተን ምን ብዬ እንደምጠይቅህ ግራ ገብቶኛል። የምልክበትም አድራሻ የለኝም። ጽፌ ስጨርስ ካቻቢቴዎችህ ያሉበት መሳቢያ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ካለህ አንድ ቀን ከፍተህ ታገኘዋለህ። ከሌለህም ይህን የምነግረው ሌላ ሰው የለኝም።

ኮምፒውተርህ ተበላሸ። ያ፣ ሰው የጣለውን ዕቃ ከመርካቶ ለቃቅመህ የገጣጠምከው፣ ሲነሳ እንደ ወፍጮ የሚጮኸው ኮምፒውተርህ። ሁለት ወር ሙሉ ሲፒዩውን ታቅፌ ከየካ መገናኛ፣ ከመገናኛ የካ ስመላለስ ነው የከረምኩት። የታክሲ ረዳቶቹ ሁሉ አውቀውኛል፤ "ባለ ሳጥኗ መጣች" ይሉኛል። ካቻቢቴ ይዤ መሬት ላይ ተዘርፍጬ ብታየኝ ምን ያህል እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ።

የሄድክ ቀን ትዝ ይልሃል? ጥር 2002፣ እሁድ ጠዋት፣ እማዬ ለአምልኮ ወጥታ ነበር። እኔ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ማይክራፎኑን በእጄ ይዤልህ ለእማዬ የምትሰማውን ቀዳህ። "እማዬ፣ ስትመለሺ አታገኚኝም፣ ወንጌልን እንዳትቆጪያት፣ እኔ ነኝ አትናገሪ ያልኳት" ብለህ ጀመርክ። መንገዱን አሳጥረህ፣ ሱዳንን ቀጥሎ ያለ ሰፈር አስመስለህ ነገርካት። መዝሙረ ዳዊት አነበብክላት። መጨረሻ ላይ ሳቅህ መጣና፣ "ደግሞ እባክሽ የኮምፒውተሩን ልብስ አውልቂለት፣ ይታፈናል" አልክ። አራት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሴኮንድ። ፋይሉን "ለእማዬ" ብለህ ሰየምከው። ከበር ልትወጣ ስትል ዞር ብለህ፣ "ሲዲ ላይ ገልብጪው፣ ይሄ ዲስክ አሮጌ ነው" አልከኝ።

እሺ አልኩህ።

የእማዬን ዳንቴል መቼም አልረሳኸውም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ሶፋው አለው፣ የጋዝ ሲሊንደሩ እንኳን አለው። ለኮምፒውተርህ ስትሠራለት ለስክሪኑም ለኪቦርዱም ለየብቻ፣ ለሲፒዩው ደግሞ እንደ ቀሚስ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ አለበሰችው። አንተ ታወልቃለህ፣ እሷ ታለብሳለች። "አቧራ ይገባበታል" ትላለች፤ "ይታፈናል እማዬ!" ትላለህ። ከሄድክ በኋላ አዲስ ሠራችለት፤ ከፊተኛው የወፈረ፣ ከጀርባም የተዘጋ። እኔ አየሁ፣ ዝም አልኩ። እጇ ክር ሲይዝ ዓይኗ ስለማያነባ ነው ዝም ያልኩት።

በየቀኑ ከምሳ በኋላ ድምፅህን ትሰማ ነበር። እኔ ከፍቼላት እወጣለሁ፤ አብሬ መስማት አልቻልኩም። "ልብሱን አውልቂለት" የምትለው ጋ ስትደርስ ግን ከጓሮም ሆኜ መልሷ ይሰማኛል። "መጥተህ አውልቀው" ትላለች። አንድም ቀን አስቀርታው አታውቅም።

ከካርቱም ደወልክ፣ ከሊቢያ ሁለት ጊዜ ደወልክ። ከዚያ በ2003 ግንቦት የደወለው አንተ ሳትሆን አብሮህ የሄደው ቀጀላ ነው። አንተ በመጀመሪያው ጀልባ ስትወጣ እሱ ለሚቀጥለው ተራ ይጠብቅ ነበር። "ሲወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ጀልባው ደረሰ የሚል ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም" አለኝ። ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ይህን እንኳን አልደበቅኩም።

መስከረም ላይ የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ኃይለ መስቀል ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ስለ ክረምቱ፣ ስለ ኑሮው አወሩ። በመጨረሻ፣ "ዘውድነሽ፣ እርምሽን አውጪ። የሰው ልጅ ነው፣ እንዲሁ አይቀርም። ድንኳን እንትከልና አብረን እናልቅስለት" አሏት።

እማዬ ወደ እኔ ዞራ፣ "ወንጌል፣ ክፈቺው" አለችኝ። ከፈትኩት። ሦስቱም ሽማግሌዎች ድምፅህ ሲጀምር ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ እስክትጨርስ ቆመው ሰሙህ። ከዚያ እማዬ፣ "ይኸው ይናገራል። የሚናገር ሰው ይለቀስለታል?" አለች። ጋሽ ኃይለ መስቀል ዓይናቸውን ጠራርገው፣ "እግዜር ያምጣው" ብለው ወጡ።

እንግዲህ በዚያ ሳጥን ውስጥ ምን እንደነበረ ገብቶሃል። እኔስ ያን ቀን እንኳን ሮጬ ሲዲ መግዛት አልነበረብኝም? ሾላ ሄጄ ሽንኩርት ስገዛ በሲዲ መሸጫው በር ነው የማልፈው። ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ተቀይሜህ ነበር። እኔን እማዬ ፊት አቁመህ መሄድህ አንገብግቦኝ ነበር። ለመገልበጥ ደግሞ መስማት ያስፈልጋል መሰለኝ፤ መስማት አልፈለግኩም።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረ። በሦስተኛው ቀን አልነሳም አለ።

መገናኛ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከበበ የሚባል ጠጋኝ አለ። ብሎኖቹን ፈታ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ ከዚያ በሁለት ጣቱ ከፋኑ ላይ ነጭ ነገር እየጎተተ ማውጣት ጀመረ። ክር ነው። የዳንቴል ብናኝ፣ ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ ፋኑን እንደ ድውር አስሮታል።

"ይሄን ምንድን ነው የምታለብሱት?" አለኝ።

"ዳንቴል።"

"ፋኑ ከቆመ ቆይቷል፣ እህቴ። ዲስኩን የገደለው ሙቀት ነው።"

ቤት ስመለስ እማዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ምን ሆኖ ነው አለ?" ስትለኝ፣ "መብራት እየሄደ እየመጣ ነው የጎዳው" አልኳት። መብራት ኃይልን በዚህ ሰፈር የማይረግም የለም፤ እሷም ረግማ አመነችኝ።

ከበበ አዲስ ሃርድ ዲስክ ገጠመለት። ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሲገለብጥ ቀኑን ሙሉ ፈጀ፤ የማይነበበውን እየዘለለ የሚነበበውን አመጣ። "አብዛኛው ወጥቷል፣ ውሰጂው" አለኝ። ደስ ብሎኝ ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ ስል ነበር። ቤት አምጥቼ ስሰካው እማዬ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፋኑ ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ከዚያ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ መጣ። ዲስክ አላገኘሁም፣ ሲስተም ያለበት ዲስክ አስገባ ይላል።

"ተነሳ?" አለች እማዬ።

"አልተነሳም።"

ደብተርህን አወጣሁ። "መጀመሪያ ኬብል፣ ቀጥሎ ባዮስ፣ ሰውን መጨረሻ ላይ ጠይቅ" ብለህ የጻፍክበትን። ኬብሉን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። "ተነሳ?" "አልተነሳም።" በሌላ ኬብል ቀየርኩት። አልተነሳም። ዴሊት የሚለውን ቁልፍ እየተጫንኩ ባዮስ የሚባለው የኮምፒውተሩ ቅንብር ውስጥ ገባሁ፤ አዲሱ ዲስክ በስሙና በቁጥሩ ተመዝግቦ ይታየኛል። አለ! ግን የመነሻ ተራው ከፍሎፒውና ከሲዲው በኋላ ነበር። አንደኛ አደረግኩት። አሁን ጽሑፉ ጠፍቶ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትል ጀመር። ግማሽ ቀን አብሬያት ቁጭ አልኩ። እማዬ ጥያቄዋን አላቋረጠችም፤ የታመመ ሰው እንደሚጠይቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትጠይቀው። ሲፒዩውንም እኔ ዞር ስል ዳንቴሉን አልብሳዋለች። ምክንያቱን ሳልነግራት እንዴት አድርጌ ላውልቀው?

ባለፈው ቅዳሜ ከበበ ራሱ ቤታችን መጣ። እማዬ እንዳትሰማ "ስለ ክሩ እንዳትናገር" አልኩት፤ ራሱን ነቀነቀ። ሲዲ አስገብቶ ሲመረምር ቆየና፣ "መነሻው ነው የተጎዳው። ዲስኩ ውስጥ ነገሩ አለ፣ ከየት እንደሚጀምር ግን አያውቅም" አለ። መነሻውን አስተካከለለት። እንደገና ሲከፍተው ያ የዊንዶውስ ዜማ ተሰማ፣ አንተ እንጦጦ ላይ ከባሕር ዛፉ ሥር የተነሳኸው ፎቶ ስክሪኑን ሞላው።

እማዬ "ሃሌ ሉያ!" ብላ ከበበን ግንባሩን ሳመችው።

"ለእማዬ" የሚለው ፋይል ቦታው ላይ ነበር። ስሙ አለ፤ አራት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሴኮንድ የሚለውም አለ። ከፈትኩት። የማጫወቻው መስመር መሄድ ጀመረ፣ ድምፅ የለም። ከበበ ስፒከሩን ነካካ። አንድ የመዝሙር ፋይል ከፈተ፣ መዝሙሩ ቤቱን አናወጠው። ወደ አንተ መለሰው። ዝም። ከበበ ቀና ብሎ አላየኝም። በር ድረስ ስሸኘው ነው የነገረኝ፤ "ሲገለብጥ የዘለለው ቦታ ባዶ ሆኖ ነው የሚሞላው። ስሙና ርዝመቱ መጥቷል፣ ውስጡ አልመጣም። አሮጌው ደግሞ ከእንግዲህ አይነበብም" አለኝ።

ስመለስ እማዬ፣ "ከመጀመሪያው አድርጊው" አለችኝ። ይህን ጊዜ አልወጣሁም፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መስመሩ ይሄዳል፤ የእማዬ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ቃል በቃል ታውቅሃለች። መዝሙረ ዳዊቱን አለፈች። የሳቅህ ቦታ ላይ ስትደርስ እሷም ትንሽ ፈገግ አለች። ከዚያ ስለ ልብሱ የምትለው ጋ ደረሰች። መልሷን ጠበቅኩ።

አልመለሰችልህም። ተነሳችና የሲፒዩውን ዳንቴል በሁለት እጇ ገፈፈችው። አራግፋ፣ አራት አጥፋ፣ ደረቷ ላይ ያዘችው።

"ለጋሽ ኃይለ መስቀል ንገሪያቸው፤ ድንኳኑን ይትከሉ" አለች።

ዛሬ ጠዋት ተተከለ። ሰፈሩ በሙሉ እዚህ ነው፤ ከእማዬ ቤተ ክርስቲያን እኅቶች ጋር የየካ ሚካኤል ሰዎች አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ዝናቡ ድንኳኑ ላይ እየወረደ ነው። እኔ ጓዳ ገብቼ ይህን እጽፍልሃለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከበበ የሄደ ቀን አሥር ባዶ ሲዲ ገዝቼ ነበር። ከዚህ ደብዳቤ ጋር መሳቢያው ውስጥ አሉ።

ስለ ክሩ ለእማዬ አልነግራትም፤ ይህን እስክሞት እጠብቅልሃለሁ። አንዳንዴ ግን የምታውቅ ይመስለኛል። ክርና ኪሮሿን ሰብስባ ለጎረቤት ሰጥታለች።

ተስፋ የለኝም፣ አልዋሽህም። ግን ድንገት ካለህ፣ ና። የሚያለቅሱልህን ሰዎች ገፍተህ ግባና ድንኳኑን ራስህ መጥተህ ንቀለው። ሦስት ቀን ይቆያል።

ማይክራፎኑን የያዘችልህ
እህትህ ወንጌል
የካ፣ ሐምሌ 2004 ዓ.ም.